አባቴ ለእድሩ የሰጡት አግዳሚ

ይህን ነገር ካከራዩኝ ሴትዮ በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ልናገር ሄጄ፣ ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ፣ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ነግሬያቸው ነው የተመለስኩት። አሁን የማወጋችሁ ደፋር ሆኜ አይመስላችሁ። የማፍራቸው ሰዎች ሁሉ አልፈው ብቻዬን ስለ ቀረሁ ነው። ደግሞ በወረቀት ሲሆን ፊታችሁን አላይም። ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ የቤት ዕቃ ነው። አትሳቁ። በቤት ዕቃ ምን ኃጢአት ይሠራል ትሉ ይሆናል። ቆዩማ!

ዳንግላ የተመደብኩት የመምህርነቱን ትምህርት እንደ ጨረስኩ ነው። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አገሬ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ገጠር ነው፤ አባቴ ገበሬ ናቸው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር ሄዳ፣ ቤት ተከራይታ ልትኖር! አባባ ከስንት ልመና በኋላ አንድ ነገር አስጠንቅቀው ለቀቁኝ። «የሰው ቤት የመሰለ ቤት ይዘሽ ከተቀመጥሽ እሰየው። እንደ መንገደኛ ጥግ ይዘሽ የምትኖሪ ከሆነ ግን መጥቼ እወስድሻለሁ» አሉ። ወዴት እንደሚወስዱኝም አላጣሁትም። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን አመሻሽ ላይ ቁጭ ብለን ምን ልንጫወት ነው? ስለ በሬ?

እና ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ከጠጅ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር። የግድግዳው ጭቃ ረግፎ ቀርከሃው ብቻ ቀርቷል። ገና ውስጡን ሳይ አንድ ጠጪ በቀዳዳው አጮልቆ «እንደምን ዋልሽ እቴ» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ሰፊ ነው፤ ኪራዩም ርካሽ። ብቻ በወዲያኛው ጥግ ፈረስ ታስሯል። የአገው ሰው ከፈረሱ ጋር ያለውን ፍቅር ያኔ አላውቅም። ፈረሱ መቼ እንደሚወጣ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ግራ ገባው። «ወዴት?» አለኝ። ከዚያ ፈረሱ ጨዋ መሆኑን፣ ሰው እንደማይረግጥ፣ አባቱም ስመ ጥር እንደ ነበር አስረዳኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔ አንኮራፋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፈረሱ ይደነብርበታላ!

በመጨረሻ እትዬ የሻሽን አገኘሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ፈጣን ሴትዮ ናቸው። ከጎረቤት ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከዶሮዎቻቸው ጋር በሁለቱም ያወራሉ። ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ሰጡኝ። ክፍሏ ንጹሕ ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። መደብ እንኳ የላትም። እኔ ያለኝ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ አጎዛና አንድ ኩራዝ ነው። እነዚያን አራቱን ቦታ ቦታ ሳስይዛቸው ክፍሏ ይባስ ባዶ ሆነች።

አልጋ ልገዛ አሰብኩ። ደመወዜ ግን ኪራዩንና ቀለቡን ችሎ፣ አንድ ጫማ አስገዝቶኝ አለቀ። በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ወር ዝናቡ መጣ። የዳንግላን ክረምት ታውቁታላችሁ? ጃንጥላ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የተበላሸሁት። ለአባባ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ደብዳቤዬን የሚያነቡላቸው የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ሲያነቡ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ታዲያ «በሰሌን ላይ ተኝቻለሁ» ተብሎ በሕዝብ ፊት ይነበብ? እፍረት እጄን ያዘኝ። በመጀመሪያው ደብዳቤ አንድ አግዳሚ ወንበር ገዛሁ አልኩ። በሁለተኛው ሌላ አግዳሚ ጨመርኩ። በሦስተኛው ብርጭቆ። በአራተኛው ቤቴን በመጋረጃ ከፍዬ ጓዳ አወጣሁ። በቀለም ዕቃ መግዛት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ተሸካሚ የለ፣ ክርክር የለ። እኔ ሰው ፊት አፌን መክፈት የማልችለው ልጅ፣ ብዕር ስይዝ ባለጸጋ ሆኜ አረፍኩት።

አንድ ረቡዕ የጭነት መኪና ረዳት ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ መልእክት ነገረኝ። አባትሽ ነገ ይመጣሉ፤ ቤትሽን ሊያዩ ነው አለ። ልጆቹን ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ቤት እንደ ደረስኩ እትዬ የሻሽ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከአፌ የሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው። «መጋረጃም ብያለሁ» አልኩ በመጨረሻ። እሳቸው ሰሙኝና ከአንገታቸው ላይ ቁልፍ አወጡ።

የሰፈሩ እድር ዕቃ የሚቀመጠው በእሳቸው ግቢ ነበር። ጠባቂዋም እሳቸው ናቸው። ለለቅሶ የሚዘረጋው አግዳሚ፣ ብርጭቆው፣ የድንኳኑ ሸራ፣ ሁሉም ከእኔ ክፍል አጠገብ ባለችው ማጀት ተቆልፎበታል።

«እትዬ፣ ሰው ቢሞትስ?» አልኩ።

«ማን ይሞታል?» አሉኝ፤ እንደ መቆጣት ብለው። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ሰፈሩን ዞሩት። የታመመ የለም። ተኝተው የነበሩት ሽማግሌ አያ ቢተው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ድነው እሑድ በፈረስ ሲያልፉ ታይተዋል። «ለሁለት ቀን ማንም አይሞትም፤ አርፈሽ ያዢ» አሉ።

ሁለቱን አግዳሚ አስገባን። ብርጭቆዎቹን በሣጥኔ ላይ ደረደርን። ሸራውን በገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጥረን ክፍሏን ለሁለት ከፈልናት። ከሸራው ጀርባ ምንም የለም፤ ግን ማን ይገልጠዋል? ራቅ ብዬ ሳየው ቤት ሆነ። እውነቴን ነው፣ ኮራሁ።

አባባ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። በበሩ ጎንበስ ብለው ገቡና ቆመው ዞር ዞር አሉ። አግዳሚውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። «ጠንካራ ነው» አሉ። ሸራውን አዩና «ጓዳ?» አሉኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ያን ዕለት ሁለቱን አግዳሚ ገጥመን፣ አጎዛ አንጥፈንላቸው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት አባባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠላ ሲቀምሱ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

አያ ቢተው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር፤ ለሁለት ቀን እንኳ አልታገሱኝም።

አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ አፈሩን አየሁት፤ ተከፍቶ አልውጠኝ አለ። ወዲያው አራት ጎረምሶች ከግቢ ገቡ። ማጀቷ ተከፍታ ግማሽ ዕቃ የላትም። ከእትዬ የሻሽ ጋር በአገውኛ ተነጋገሩ፤ እትዬ የሻሽ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ የእኔን በር ያሳያሉ። ከዚያ ጎረምሶቹ ወደ እኔ ቤት መጡ።

አባባ አገውኛ አይሰሙም፤ እኔም ከሰላምታ በቀር አልሰማም ነበር። «ምንድን ነው የሚሉት?» አሉ አባባ።

«ጎረቤት ሰው ሞቶ ዕቃ ፈልገው ነው» አሉ እትዬ የሻሽ በአማርኛ። ዋሹ? አልዋሹም። ከዚህ የበለጠ እውነት የለም።

ጎረምሶቹ ብርጭቆዎቹን ሰበሰቡ። አንዱ ቀረ፤ አባባ እጅ ውስጥ ያለው። አንዱ ጎረምሳ እጁን አጣምሮ ከፊታቸው ቆሞ ጠበቀ። አባባ ትሕትና መስሏቸው ደስ አላቸው፤ ቀስ ብለው ጠጥተው አስረከቡት። ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች አባባ የተቀመጡበትን አግዳሚ ጫፍና ጫፍ ያዙት። አባባ ብድግ አሉ። እኔን አዩኝ። አንድ ነገር ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁ፤ አለቀልኝ፣ ሰውዬውና በሬዎቹ መጡ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ዓለሚቱ» አሉ፣ «ሰው እንዲህ ደፍሮ ከቤትሽ ዕቃ ያወጣል?»

«አዎ አባባ» አልኩ።

«ሳያስፈቅድ?»

«አዎ።»

ይሄኔ የሸራው ተራ ደረሰ። የመጡት ራሳቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው። ስማቸው አያ አንሙት ነው፤ አንሙት የሚባል ሰው የቀብር እድር ሲመራ ያየሁት ዳንግላ ነው። ረጅም ናቸውና ቆመው ገመዱን ፈቱት፤ ሸራው ወረደ። ከጀርባው ግድግዳ። ባዶ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለች ሰሌን።

አባባ ያን ባዶ ጓዳ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገባኝ» አሉ። «የጓዳሽንም ቀድመሽ ለሰው አውጥተሽ ሰጥተሻል።»

ከዚያ ወደ አያ አንሙት ዞሩ። ድምፃቸው እንደ ሠርግ ቀን ከፍ አለ። «ወንድሜ፣ ይህን ዕቃ እንዳትመልሱ። ሁለቱ አግዳሚ፣ ብርጭቆውም፣ ሸራውም ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ ነው። ልጄ ሰጥታችኋለች። አይደለም እንዴ ዓለሚቱ?»

የእድሩን ዕቃ ለእድሩ!

አያ አንሙት ሸራውን በትከሻቸው እንደ ተሸከሙ ቆሙ። እኔን አዩኝ። እትዬ የሻሽን አዩአቸው፤ እትዬ የሻሽ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይመረምራሉ። ከጎረምሶቹ አንዱ ሳል ያዘውና እየሮጠ ወጣ። አንዲት ቃል ከአያ አንሙት አፍ ብትወጣ፣ እኔ ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ላይ ነኝ።

ሰውየው ሸራውን መሬት አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወገባቸውን አጥፈው እጅ ነሡ። «እግዜር ይስጥልን» አሉ። «እድራችን ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያለ ስጦታ አይቶ አያውቅም።» ይህም እውነት ነው።

አባባ አንዱን አግዳሚ ራሳቸው ተሸክመው ለቅሶ ቤት ሄዱ። የማያውቋቸውን ሰው ቀበሩ፤ አለቀሱም። ሲመለሱ ባዶ ክፍሌ መሐል ቆመው መረቁኝ። ሽማግሌ ለላከው ለዚያ ሰው እምቢ ብዬ እልክበታለሁ አሉ። ባዶ መሬት ላይ ተኝታ ዕቃዋን ለሐዘንተኛ የምታወጣ ልጅ ለበሬ ብዬ አልድርም አሉ። እኔ አለቀስኩ። የደስታ መሰላቸው። ደስታም ነበረበት፤ ግን ሐፍረቱ ይበልጥ ነበር። አገር ቤት ሲገቡ ይህን ለስንት ሰው እንደሚያወሩት አስቡት። አውርተውታልም። እስኪሞቱ ድረስ።

መኪናው አባባን ይዞ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር ቆሜ እጄን አነሣሁ። እጄን ሳወርድ አያ አንሙት አጠገቤ ቆመዋል።

«አባትሽ ጨዋ ሰው ናቸው» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ፤ ጫማዬን እያየሁ።

«አንቺ ሒሳብ ነው አሉ የምታስተምሪው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንድ ልጠይቅሽ። እድራችን አራት አግዳሚ ነበረው። ዛሬ አንድ ደግ ሰው ሁለት ጨመሩልን። አሁን ስንት ሊሆን ይገባል?»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። «ስድስት» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉና ወደ ለቅሷቸው ሄዱ። ብርጭቆና ሸራውን ግን በሒሳቡ አላነሱብኝም። ርኅራኄ ነው እላለሁ፤ ምናልባትም ደመወዜን ያውቁ ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ገበያ ቀን ነበር። ከጃንጥላው ወዲህ ለአልጋ ብዬ ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ይዤ፣ ከእንጅባራ በኩል ቀርከሃ ይዘው ወደሚመጡት ሠሪዎች ሄድኩ። ሁለት የቀርከሃ አግዳሚ መረጥኩ። ተሸካሚ የምከፍለው አልቀረኝም፤ አንዱን ተሸክሜ ጥቂት እሄድና አስቀምጬ ለሁለተኛው እመለሳለሁ። የተማሪዎቼ እናቶች እያዩኝ «መምህርት፣ ቤት ልታሟዪ ነው?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። መንገዱ ግማሽ ላይ ደከመኝና አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ቀርከሃው ሲጥ አለ። ሰው ያልፋል፣ ፈረስ ያልፋል፣ እኔ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ትንሽ አረፍ ብዬ ተነሣሁና ሁለቱንም አንድ በአንድ አድርሼ ለእድሩ አስረከብኩ።

ባለ ወንበር የሆንኩት ከገበያው እስከ እትዬ የሻሽ ማጀት ድረስ ነው።