የእህቴን ቴሌቪዥን ያጠፋሁ ዕለት

ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ማን እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በእኛ ጊዜ ውሻ ነበር። ውሻው ይጮኻል፣ ባለቤቱ ይቆጣዋል፣ እንግዳውም ትንሽ ፈራ ብሎ ይገባል። ዛሬ የምትቀበላችሁ ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ያለች አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ናት። አትጮኽም፣ አትናከስም፣ ግን አትተኛም። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ ብላችሁ ሪሞቱን ወርውራችሁ ስትሄዱ እሷ አንድ ዓይኗን ገልጣ ትጠብቃለች። የምትጠብቀውም በነጻ አይደለም፤ ትበላለች። ሪሲቨሩም ይበላል፣ ድምፅ ማጉያውም ይበላል፣ እነሱን ከአደጋ እንዲጠብቅ የተገዛው ስታብላይዘርም ጠባቂ ነኝ ብሎ ከሁሉም እኩል ገበታ ይቀርባል። በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ሥራ ሳይሠራ የሚበላ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ለአንዳንዱም ሰልፍ ወጥቼ አጨብጭቤለታለሁ። እንዲህ ድምፁን አጥፍቶ የሚበላ ግን አላየሁም።

ይህን ከየት አወቅሽው ትሉኝ ይሆናል። ካርቱም ውስጥ በአንድ የመጻሕፍት መደብር ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። የሚሸጡትን መጻሕፍት ደንበኞች ወሰዷቸው፤ የማይሸጡትን እኔ አነበብኳቸው። ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ኩላሊት ጠጠር፣ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ፣ ስለ ፈረሱ መንግሥታት በዐረብኛ የተጻፈ ነገር ካላችሁ ጠይቁኝ። ሳላነበው የቀረሁት ሰውን ብቻ ነው። ኋላ ጦርነቱ መጣና መደብሩም መጻሕፍቱም ነደዱ፤ እኔ አንዲት ሻንጣና አንድ ጥቁር ቀሚስ ይዤ ወደ ተወለድኩባት ሰቆጣ ተመለስኩ። ከተማዋ አድጋ ጠበቀችኝ። የማውቃቸው ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከአፈር በታች ጠበቁኝ። የቀረችኝ ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ናትና እሷ ቤት ገባሁ።

ጥሩወርቅ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ወይም አለቻት። የዚህ ወግ ጣጣ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው። ሰናይት ትባላለች። ከሁለት ዓመት በፊት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ዐረብ አገር ወጣች። ከጠረፍ አንድ ጊዜ ደውላ ነገ ጀልባ ላይ እንወጣለን አለች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ከአራቱ አንዷ ማዶ ደርሳ ስትደውል፣ ሁለት ጀልባ እንደነበረ፣ አንደኛው እንደሰጠመ፣ ሁለቱ ጓደኞቿም በሰጠመው ውስጥ እንደነበሩ ተናገረች። ሰናይት በየትኛው እንደነበረች ግን አላየሁም አለች። የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች ድንኳን ተክለው አለቀሱ። ሽማግሌዎች ወደ እህቴም መጡ። ተቀመጪና አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አሏት። እሷም ያየ ሰው አምጡልኝ አለቻቸው። ያየ ሰው አልነበራቸውም። ያን ጊዜ ሪሞቱን አንስታ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቴሌቪዥኑን ከፈተችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

መቼም በአገራችን ሐዘን የገባበት ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ታውቃላችሁ። ጨርቅ ይለብሳል፣ ወይም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ የተከፈተ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሬሳ የለበትም ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ገባቸውና ወጡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የእህቴ ቴሌቪዥን በሰው እጅ ጠፍቶ አያውቅም። ቀን ያወራል፣ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። እሷ አትሰማውም፤ ጎመኗን ስትከትፍ እንኳ ጀርባዋን ሰጥታው ነው።

ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ስለ ሰናይት ነግረውኛል፤ ስለ ቴሌቪዥኑ የነገረኝ ግን የለም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ያወራል? እኔ የታየኝ ማንም የማያየው ቴሌቪዥን ሌትና ቀን ኤሌክትሪክ ሲልስ ነው። ስለዚህ አስተማርኳት። ጓሮ ወስጄ ቆጣሪው ላይ ብልጭ ብልጭ የምትለዋን መብራት አሳየኋት። ይቺ ብልጭታ ያንቺ ቴሌቪዥን ጉርሻ ናት አልኳት። ባይሆን ስንተኛ እንንቀለው፣ በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም፣ ብዬ ከካርቱም ያመጣሁትን እውቀት በሙሉ ዘረገፍኩላት። ጥሩወርቅ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ «እትዬ፣ አንቺስ ከመጣሽ ጀምሮ ሥራ ፈተሽ ትበዪ የለ? የነቀለሽ አለ?» አለችኝ።

ተነስቼ ግቢውን መጥረግ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ግን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ያማርራል። እህቴ ግን በሩጫ ወደ አጥሩ ትወጣና ጎረቤታችንን ዘሀራን፣ «የእናንተም ጠፍቷል?» ብላ ትጠይቃታለች። ዘሀራ ከግድግዳችን ጋር የተያያዘ ሱቅ ያላት ነጋዴ ናት። አዎ፣ መንደሩ በሙሉ ጠፍቷል ስትላት እህቴ «ተመስገን!» ብላ ትመለሳለች። መብራት ጠፋ ብሎ ፈጣሪን የሚያመሰግን ሰው አይታችኋል? እኔ አየሁና ስለ አገሬ ሰው ኋላ ቀርነት ለራሴ ረጅም ንግግር አደረግሁ። መንደሩ በሙሉ ሲጨልም የአንድ ቤት ዝምታ ሐዘን ተብሎ እንደማይቆጠር አልገባኝም። የሚቆጠረው ሌላው ቤት እየበራ እሷ ቤት ዝም ሲል ነው።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ጥሩወርቅ ጌሾ ልትገዛ ወጣች። እኔ ዓይኔ ውስጥ የሐኪም ጠብታ ጨምሬ መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑ ስለ አንድ ሳሙና ይዘፍናል። ሳሙናው ነጭ የማያደርገው ነገር የለም ይላል። ሦስት ጊዜ ታገስኩት። በአራተኛው ተነሳሁና ሁሉም የተሰኩበትን ዲቫይደር ከሶኬቱ ነቀልኩት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ያን ጸጥታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ጥቁሩ መስታወት የራሴን ፊት መልሶ ሲያሳየኝ ግን አልወደድኩትም፤ ነጭ አንሶላ አምጥቼ አለበስኩት።

እስቲ አሁን ያደረግሁትን በሌላ ሰው ዓይን ተመልከቱት። ሁለት ዓመት ያወራ ቤት በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ በሙሉ መብራት እያለው፣ ዝም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከሱዳን፣ ማለትም ከስደተኛው ሁሉ መንገድ፣ በቅርቡ የመጣች አሮጊት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ጉንጯም ረጥቧል። ከዚህ በላይ መርዶ በምን ይነገራል?

ዘሀራ ዝምታውን ከግድግዳው ማዶ ሰምታ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። እኔን አየች፣ አንሶላውን አየች፣ ከዚያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና «ወይኔ ሰናይትዬ! ወይኔ ጠጉርሽን የሠራሁሽ ልጄ!» ብላ ጮኸች። ተነስቼ ምንም አልተሰማም፣ ማንም አልደወለም፣ እኔ ነኝ የነቀልኩት አልኳት። እንባዋን እየጠረገች፣ «ልክ ነዎት እማማ፣ እናቷ እስክትመጣ እንደዚያ ማለት አለብዎት» አለችኝ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ዘመድ እስኪሰበሰብ ምንም የለም ብሎ መካድ ወጉ ነው። ስለዚህ በካድኩ ቁጥር አረጋገጥኩ። በማርያም ብዬ ስምል ለቅሶው ባሰ።

ለክርስትና ሦስት ወንበር ለማዋስ ሳምንት የሚያመላልሱ ሰዎች ለመርዶ ግን አይዘገዩም። ደጃፉ በነጠላ ተሞላ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ያለቅሳል፤ እኔ ኽምጣኛውን ከረሳሁት ቆይቻለሁ፣ የልጅቱን ስም ብቻ እየለየሁ እሰማለሁ። የእድሩ ዳኛ አያ ምስጋናው፣ ከእኔ ጋር ፊደል የቆጠረ ሰው፣ ድንኳኑን አሸክሞ ደረሰ። ሴቶቹ ደግሞ ያደንቁኛል። አንጀቷ እንዴት የቻለ ነው፣ ይህን ሁሉ ሳምንት በሆዷ ይዛ ከልጅቱ እናት ጋር ከአንድ ገበታ ስትበላ፣ ይላሉ። በሕይወቴ ሰው አድንቆኝ አያውቅም፤ ሲያደንቀኝ በዚህ ሆነ።

ያን ጊዜ የተማረ ሰው ብቻ የሚያስበው ሐሳብ መጣልኝ። ማስረጃ ላሳያቸው! አንሶላውን ገፍፌ ዲቫይደሩን ሰካሁት። ያ ሳሙና በሙሉ ድምፁ እየጨፈረ ወጣ። ለቀስተኛው ሁሉ በድንጋጤ ደረቀ። ወዲያው ሁለት ጎልማሶች ክንዴን ያዙኝ፣ አንዷ ውሃ ረጨችብኝ፣ አንዱም ሮጦ ነቀለውና አንሶላውን መልሶ አለበሰው። ሐዘን ራሷ ላይ ወጣ ተባልኩ። አያ ምስጋናው በጆሮዬ፣ «አይዞሽ፣ ድሮም ብዙ ማንበብ እንዲህ ያደርጋል» አለኝ።

ጥሩወርቅ ድንኳኑን ከሩቅ አይታዋለች። ሮጣ የመጣች አልመሰለችም። ጌሾዋን በትከሻዋ እንደያዘች በለቀስተኛው መሃል ሰንጥቃ ገባች፤ ማንም ሊነካት አልደፈረም። በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደች። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ መዳፏን ከጀርባው አሳረፈች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቆ የኖረ ነገር ቀዝቅዟል። እጇን ሳታነሳ ወደ እኔ ዞረች።

ነገርኳት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ማንም አልደወለም፣ ኤሌክትሪክ በከንቱ እንዳይባክን ብዬ ነው አልኳት። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ፤ ምስኪን፣ ምን የማትለው አለ ማለቱ ነው። ጥሩወርቅ ግን ዓይን ዓይኔን አየችኝና፣ «አውቃለሁ እትዬ» አለችኝ። «አንቺ መዋሸት ብትችዪ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ ወዳጅ አታጪም ነበር።»

ተንፈስ አልኩ። ልሰካው ጎንበስ ስል ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ፤ ሌላው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በገዛ እጄ ማጥፋት አቅቶኝ ነው እንጂ ከደከመኝ ቆይቷል። ሌላ ሰው እስኪያጠፋልኝ ስጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ጌሾዋን አወረደች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መሬት ተቀመጠች። በሕይወቴ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ ከተማ ሲነድም ሰምቻለሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ግን ከሰው ሲወጣ አልሰማሁም። ሁለት ዓመት የቴሌቪዥኑ ጩኸት የሸፈነው እሱን ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን አያ ምስጋናው ድንኳኑን ሊያስነቅል መጣ። እኔ መቼም ነገር ካልጠየቅሁ አልተኛም፣ ነገ መርዶው በእውነት ቢመጣስ አልኩት። በእድራችን ደንብ ለአንድ ሰው ድንኳን የሚተከለው አንድ ጊዜ ነው፣ ልጅቱም ተለቅሶላታል፣ አለኝ። እሺ፣ ብትደውልስ? አልኩት። ይህን ያህል ዓመት ዳኛ ሲሆን የተለቀሰለት ሰው ደውሎ አያውቅም መሰለኝ፣ ካስማውን እንደያዘ ወደ ሰዎቹ ዞረ። ያሰበችበት ዘሀራ ናት። ከደወለችማ መነገር አለበት አለች። ድንኳን እንደተተከለላት፣ እናቷ ጥቁር እንደለበሰች ሳታውቅ ድንገት በር ላይ ብትቆም እናቲቱ በድንጋጤ ትሞታለች፤ አስቀድሞ ልጅቱን የሚያረዳ ሰው ያስፈልጋል። ለመርዶ ደግሞ የሚመረጠው ልቡ የማይባባ፣ አንደበቱ የማይደናቀፍ ሰው ነው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጥሩወርቅ ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው።

ስልኩ አሁን እኔ ዘንድ ነው። ቻርጀሩ ከግድግዳው አይነቀልም፤ ሞልቶም እየበላ እንደሚያድር አላጣሁትም። የምናገረውንም አዘጋጅቻለሁ፦ ሰናይት ልጄ፣ አክስትሽ ነኝ፣ አትደንግጪ፣ ሞተሻል፣ እላታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው አርድቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ የማረዳው መርዶ ይህ ብቻ ነው። የመርዶው ባለቤት ግን እስካሁን አልደወለችም።