የሂራላል ድስትና እሜቴ ዘውድነሽ

ድስት በተጣደበት ግቢ ሁሉ፣ ሳይጠራ መጥቶ ክዳኑን የሚያነሣ አንድ ሰው አይታጣም። አገር አይመርጥም፣ ሃይማኖት አይለይም። አንኮበር ብትወጡ አለ፣ ድሬዳዋ ብትወርዱ አለ። ይህ ሰው ምግብ አይሠራም፤ ምግብ ይመረምራል። ሲቀምስ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ባለ ድስቱ ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራውን ኃጢአት ሁሉ ያስታውሳል።

አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ባለው ግቢያችን፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ዘውድነሽ ናቸው። ማን እንደ ሾማቸው የሚያውቅ የለም። ባላቸው ሲሞቱ ከቡልጋ መጥተው በሩ አጠገብ ያለችውን ቤት ያዙ፤ ሳምንት ሳይሞላም የግቢው ድስት በሙሉ ገበረላቸው። ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አንድ ነገር ጎድሎታል።» ምን እንደ ጎደለው ግን አይነግሩም። እሱን ማወቅ የጥፋተኛው ፋንታ ነው።

ለቅሶ ቤትም ቢሆን አይምሩም። የጎረቤታችን የአቶ ገሠሠ አባት ያረፉ ጊዜ አልቅሰው አልቅሰው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ጓዳ ዘለቁ። ሽሮውን ቀመሱ። ወጥተው እንደገና አለቀሱ። «እኚህ ሰው ይህን ሳይቀምሱ መሄዳቸው እግዜር ቢወዳቸው ነው» አሉ። በጣቢያው አጠገብ ሆቴል ያለው ግሪክም አልተረፈም። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ገብተው ሾርባው ላይ ሁለት ሎሚ ጨመቁበት። ግሪኩ በማግስቱ በሩን መቀርቀሪያ አስመታ። እሳቸውም «ምስኪን፣ ሌባ ፈርቶ ነው» ብለው አዘኑለት።

እኔ ወንደላጤ ነኝ፤ በባቡሩ ዕቃ ማከማቻ ጸሐፊ። ከሥራ ስመለስ የምችላት አንዲት ምስር አለችኝ። እሜቴ ዘውድነሽ አንድ ማታ በመስኮቴ ብቅ ብለው፣ «ንዋይ፣ ይህ ምስር ነው ወይስ ቅጣት?» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው ጣል አድርገው ሄዱ። ምስሩ ጣፈጠ። ከሁሉም የሚያናድደው ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ በ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት ሁዳዴ የሆነውን ልንገራችሁ።

በግቢያችን ሂራላል የሚባል ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ አለ። ሥጋ አይበላም፣ ዕንቁላል አይነካም። ክርስቲያኖቹ ሴቶች ይህን ሲሰሙ «ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ባንያን» ብለው ሊሳለሙት ምንም አልቀራቸውም። እሜቴ ዘውድነሽም በጣም አከበሩት። እሱ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይምታታበታልና፣ «እሜቴ፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ» ይላቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ «አንቺም ደህና ሰው ነሽ» ይሉታል።

ሂራላል በየእሑዱ ካሪ የሚባል የአገሩን ወጥ ይሠራ ነበር። የአገሩን አትክልት እዚህ ስላላገኘ፣ ያገኘውን ይጨምራል፤ ያገኘው ደግሞ ዱባ፣ ስኳር ድንችና ካሮት ነው። በዚያ ላይ ሽንኩርቱን እስኪቀላ፣ እስኪጣፍጥ ድረስ ያቁላላዋል። ሦስት ጣፋጭ ከአንድ ጣፋጭ ጋር ሲጋባ ምን እንደሚወለድ ገምቱ። እኛ በጨዋነት እንበላለን፤ ከበላን በኋላ ግን ሁላችንም ውኃ ፍለጋ እንሮጣለን።

አንድ ጠዋት ሂራላል ደብዳቤ ይዞ ቤቴ ገባ። ፊቱ ወይቧል። ሚስቱን ጃምናን አግብቶ አሥር ቀን አብሯት ከቆየ በኋላ መርከብ ተሳፍሮ ነው የመጣው። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቃት በደብዳቤ ነው።

«ጃምና ይመጣል» አለኝ።

«እሰይ! ደስ አይልም ወይ?»

«አጎቷ ድሬዳዋ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። ጃምና እዚህ ከወደደ ይቀራል። ካልወደደ ከአጎት ጋር ቦምባይ ይመለሳል።» ራሱን ያዘ። «እኔ ደብዳቤ ላይ ጻፍኩ፤ ካሪ እንደ እናቴ አድርጌ እሠራለሁ ብዬ ጻፍኩ። አራት ዓመት ጻፍኩ! ስመጣ መጀመሪያ እሱን አብላኝ ይላል።»

መጽናኛ ቃል ስፈልግ ከመስኮቱ ውጭ ድምፅ ተሰማ።

«ይህ የኔ ጉዳይ ነው» አሉ እሜቴ ዘውድነሽ።

ጃምና የምትደርስበት ቀን ሐሙስ ነበር። ከአዋሽ የሚመጣው ባቡር ስምንት ሰዓት ላይ ይገባል። ሂራላል ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት እሳት አነደደ። እኔም ወገቤን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀርቼ ካሮት ልልጥ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው ድስቱ ገና ሳይሞቅ ነው። አትክልት የምትሸጠው ቡዜ ከበሮ የሚያህል ዱባ ተሸክማ ገባችና አወረደችው።

«ከሁሩታ ያመጣሁት ነው» አለች። «ዱባ እንዳይመስልህ፣ ማር ነው ማር!»

«ማር አልፈልግም!» አለ ሂራላል፤ እንባው ሊመጣ ደርሷል። «ማር የሌለው ዱባ የለም?»

ቡዜ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስድብ ሰምታ አታውቅም። «ያ ረቢ! ዱባዬ ጣፈጠ ተብዬ ልከሰስ?» ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ተቆጥታ የምትሄድ መስሎን ነበር፤ ጉዱን ሳታይ መሄድ ስላልሆነላት ግን ዱባው ላይ ተቀመጠች። በኋላ ዱባው ሲፈለግ ማስነሣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብን።

እሜቴ ዘውድነሽ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ቃሪያና ዝንጅብል በሞላበት ሙዳይ ታጅበው ደረሱ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምግብ መቅመስ ጾም መግደፍ ነውና፣ ከማማሰያው ጫፍ በምላሳቸው ነካ አድርገው ወደ አጥሩ እንትፍ ይላሉ። «ምላሴን ነው እንጂ ሆዴን አላስነካሁም» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህ ወጥ አይደለም፤ ብርዝ ነው» ብለው አራት ሎሚ ጨመቁ። አሁን ኮመጠጠ። ሂራላል ደንግጦ ኮምጣጣውን ለማለዘብ ስኳር ድንች ጨመረ። እንደገና ጣፈጠ። እሜቴ ሚጥሚጣ ነሰነሱ። እሱ ቀምሶ ለአንድ ሩብ ሰዓት መናገር አቃተውና በእጁ ወደ ዱባው አመለከተ። ቡዜን አስነሥተን ግማሹን ዱባ ጨመርንበት። ድስቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

ከአቶ ገሠሠ ቤት ትልቅ ድስት መጣ። ወደዚያ ገለበጥነው። ውኃ ስለበዛበት ቀጠነ፤ ስለቀጠነ ካሮት ተጨመረ፤ ካሮት ስለተጨመረ ጣፈጠ፤ ስለጣፈጠ ሎሚ ተጨመቀ። የጣቢያው ሹም ከጓሮው ስድስት ካሮት እንድንነቅል ፈቅዶልን ነበር። ስንት እንደ ነቀልን አልናገርም፤ ሰውየው ግን በማግስቱ ጓሮውን አይቶ ከርከሮ ገብቷል ብሎ ጥበቃ ቀጠረ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለተኛውም ድስት ሞላ። እሜቴ ዘውድነሽ ለአፍታ አሰቡና፣ «የማኅበሩን ጎላ አምጡ» ብለው አዘዙ። ጎላ ማለት ለሠርግ የሚጣደው፣ ሁለት ሰው በእንጨት የሚሸከመው የብረት ድስት ነው። መጣ። ለአንዲት ቀጭን ሴት ምሳ ተብሎ የተጀመረው ነገር አሁን ጦር የሚያበላ ሆነ። የግቢው ሰው ሁሉ ሥራ ያዘ፦ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዱ ውኃ ያመላልሳል፣ ቡዜ እልህ ይዟት ሁለተኛ ዱባ አስመጥታ «ይኸኛው ደግሞ ይብሳል» እያለች ትከትፋለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እሜቴ እንደገና በምላሳቸው ነካ አደረጉ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ማማሰያውን አስቀመጡና በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ምን እንደ ጎደለው አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ዘውድነሽ በዱባ ተረታሁ።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ይህችን ቀን ስጠብቅ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስትመጣ ግን አንገቴን ደፍቼ ካሮቴን መላጥ ቀጠልኩ።

ሂራላል ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ወደ ጣቢያው ሊሄድ ተነሣ። እሜቴ ክንዱን ያዙት። «እስኪ አስብ፤ እናትህ መጨረሻ ላይ ምን ትጨምርበት ነበር?»

ሂራላል ስሙን በአማርኛ አያውቀውም። ጣቶቹን አጣብቆ አሳየ። «ትንሽ ነው። ጥቁር ነው። ዘይት ሲግል ይጨፍራል፤ ጣ! ጣ! ጣ! ይዘላል።»

«ቁንጫ?» አሉ እሜቴ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁንጫ አይደለም!»

ከሩቅ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ሂራላል ሮጠ። እሜቴ ዘውድነሽ «ትንሽ፣ ጥቁር፣ የሚዘል» እያሉ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሰናፍጭ! ወይ እኔ! ሰናፍጭ ነው፤ እኛ እንወቅጠዋለን እንጂ አናስጨፍረውም!» ከቤታቸው ሰናፍጭና አንድ እፍኝ አብሽ ይዘው ተመለሱ። የኑግ ዘይት አግለው ሁለቱን ጣል ሲያደርጉ ግቢው ተኩስ የተከፈተበት መሰለ። ዶሮ ሸሸ። የእሜቴ ቅንድብ ትንሽ ተለበለበ። የፈላውን ዘይት እንዳለ ጎላው ውስጥ ሲደፉት የወጣው ሽታ አፋችንን አስከፈተን። የሰናፍጩ መፋጀትና የአብሹ ምሬት ያንን ሁሉ ጣፋጭ እንደ ልጓም ያዙት።

ጃምና ገባች። አጭር፣ የአዋሽ አቧራ ያለበሳት፣ ደክሟት የምትንገዳገድ ልጅ ናት። እኛ ለሹመኛ አቀባበል እንደ ወጣ ሕዝብ በር ላይ ተሰልፈናል። ማንንም ሳታናግር እጇን ታጠበች፤ ቁጭ አለች። ሂራላል ሳህኑን አቀረበላት። ቀመሰች። አኘከች። ከዚያ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

ዝም አለች። አጭር ነገር ተናገረች። ሂራላል ግድግዳውን ተደገፈ።

«ምን አለች?» አሉ እሜቴ።

«አንድ ነገር... ጎድሎታል ይላል።»

ሁላችንም ወደ እሜቴ ዘወር አልን። ቡዜ ለማገላገል ተነሥታ ቆማለች። ጃምና ግን ቀጠለች፤ ሦስት ጣቶቿን አጋጥማ ሳህኑ ላይ እንደ መነስነስ አደረገች።

ጨው!

ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሁሉ ድስት ውስጥ አንዲት ቁንጣሪ ጨው የጨመረ ሰው አልነበረም። ሂራላል እሜቴ ጨምረዋል ብሎ፣ እሜቴ ሂራላል ጨምሯል ብለው። እሜቴ ዘውድነሽ ልጅቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጨው የያዘውን ቅል አንሥተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ነይ ልጄ፤ አንቺ አስተካክይው። እኔ በጾም ምላስ ብዙ አላይም» አሉ። ሁለቱ ጎላው ላይ ጎን ለጎን ጎንበስ አሉ። አንዷ ትነሰንሳለች፣ አንዷ ታማስላለች፤ አንዷ በጉጅራቲ፣ አንዷ በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ እሜቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጡ። ምንም አላሉም። በሰው ፊት ምንም ሳይሉ ሲቀሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጎላው ግቢውን፣ የጣቢያውን ኩሊዎች፣ የቡዜን ዘመዶችና መንገደኛውን ሁሉ አበላ። ግሪኩም ሳህን ይዞ መጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጃምና አጎት ብቻውን ወደ ጅቡቲ ወረደ። ሂራላል ምን ብላ እንደ ቀረች ጠይቋት ነግሮኛል፦ ሰው በሌለበት በረሃ ልቀመጥ ነው ብላ መንገዱን ሁሉ ስታለቅስ ነበር የመጣችው፤ ያቺን ቅንድቧ የተቃጠለ ሴት ስታይ ግን አክስቷን ያገኘች መሰላት። ዛሬ ጃምና አማርኛ ትናገራለች፤ ከእሜቴ ስለተማረችም ሁሉንም ነገር እንደ መውቀስ አድርጋ ነው የምትናገረው። ግቢያችን አሁን ሁለት መርማሪ አለው። ጠዋት አንዷ ያጸደቀችውን ማታ ሌላዋ ትሽራለች።

ባለፈው ታኅሣሥ አለቃዬ ጠርቶ በጣቢያው ቅጥር ውስጥ ያለ ቤት ለአንተ ተሰጥቷል አለኝ። ቆርቆሮ ክዳን፣ የእንጨት ወለል፣ ኪራይ የለበትም። ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ቀን ጎመን ሠራሁ። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ጎመኑ ማንም መጥቶ ክዳኑን ሳያነሣው ቀዘቀዘ። ሁለተኛውን ቀን መስኮቱንም በሩንም ከፈትኩ፤ ድስቱንም ሽታው ወደ ውጭ እንዲሄድ የበሩ ደፍ አጠገብ አስጠጋሁት። በማግስቱ ቁልፉን መለስኩ።

አለቃዬ እብደት ነው ብሎ ምክንያቴን በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዘኝ። ብዕሬን ይዤ ብዙ አሰብኩ፤ እውነቱን ለመጻፍ አፈርኩ። በመጨረሻ «ቤቱ ነፋስ ያስገባል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ የለችም።