ሰማይ የቆጠረው መንገድ

ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የመብራት ቆጣሪያቸውን በባትሪ እያበሩ የሚያነቡ፣ የዳቦ ክብደት በመዳፋቸው የሚመዝኑ፣ ሚዛን ፊት ዓይናቸውን ተክለው የሚቆሙ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ዓለም ሊሸውዳቸው ሌት ተቀን እንደሚሠራ እርግጠኞች ናቸው፤ የሚያናድደው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆናቸው ነው። የእኛ ፎቅም የራሱ አለው፤ የእኛው ሽማግሌ የሚከራከሩት በታክሲ ሂሳብ ነው። ክቡርነታቸው ከእኔ በላይ ባለው ወለል ይኖራሉ። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ «ጋሼ ሳተላይት»።

ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተሸክመው የሰው ድንበር ሲለኩ ኖረዋል። ታዲያ ታክሲዎች ዋጋ በስልክ ማስላት ሲጀምሩ፣ ሳተላይት መኪናዋን ከላይ እየተከታተለ፣ ስልኩም ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ ሂሳቡን ሲናገር፣ የሰፈሩ ሰው ከክርክር ተገላገልን ብሎ ደስ አለው። ለጋሼ ግን ክርክሩ ገና መጀመሩ ነበር።

ከእሳቸው ጋር በሳምንት ሦስት ቀን እሳፈር ነበር። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ይወስዳሉ፤ እኔ የምሠራበት ጋዜጣ ቢሮ ደግሞ ከሆስፒታሉ ማዶ ነው። ሂሳቡን እንጋራለን። ውርደቱን የምሸከመው ግን እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

ሥርዓቱ ሁሌም አንድ ነው። እትዬን ከኋላ በትራስ ደግፈው ያስቀምጣሉ፣ ጋቢና ይገባሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ስልክ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። «አንተም ቁጠር፣ እኔም እቆጥራለሁ፤ ስንደርስ እንተያያለን» ይሉታል ሹፌሩን። ሹፌሩ በመስታወቱ እኔን ያየኛል። እኔ በመስኮት ውጪ ውጪውን አያለሁ።

ትልቁ ጦርነት የሚነሳው ረጃጅም ፎቆች የከበቡት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። መኪና ተጨናንቆ እንቆማለን። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ መርማሪ፣ «ቆመናል አይደል ልጄ?» ይላሉ። ሹፌሩ ቆመናል ይላል። «ታዲያ ስልክህ ወዴት ይሄዳል?» እውነታቸውን ነው። የሳተላይቱ ምልክት ከፎቅ ፎቅ እየነጠረ መኪናዋ የምትጓዝ ያስመስላል፤ ስልኩ ላይ ያለችው ነጥብ እንደ ዝንብ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ዝላይዋ ሁሉ መንገድ ተብሎ ይቆጠራል። ይህን ለሹፌር ሁሉ፣ ለትራፊክ ፖሊሱ፣ አንድ ጊዜም መስታወት ለምትወለውል ሴትዮ አስረድተዋል። አንዱ ሹፌር ቢቸግረው «ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ» ቢላቸው፣ «እኔ ወተቷንም አያለሁ» ብለው የመቶ አርባ ሜትር ሂሳብ አስቀነሱ።

ሌላ ቀን ደግሞ ያላመናቸው ሹፌር ገጠማቸው። ዝናቡ ይወርዳል። ጋሼ በሩን ከፍተው ወረዱና የተጓዝነውን ርቀት ከመብራቱ ምሰሶ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ በእርምጃ ለኩት። እርምጃቸው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፤ መንግሥት ሲለዋወጥ እንኳ እሷ አልተለወጠችም። ውሃ እያንጠባጠቡ ተመልሰው ቁጥሩን ተናገሩ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ያንባርቁታል። እትዬ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የቤታችንን ቁም ሳጥን ሲሠራ እንዲህ ለክቶ ቢሆን ኖሮ በሩ ይዘጋ ነበር» አሉኝ።

ስለ ዋሻው ካልነገርኳችሁ ግን ሰውየውን አማኋቸው እንጂ አላስተዋወቅኋችሁም። መንገዳችን ከባቡር ሐዲዱ ሥር በዋሻ ያልፋል፤ እዚያ ውስጥ ሳተላይቱ አያየንም። ዋሻው ጠማማ ነው፤ ስልኩ ግን መግቢያና መውጫውን በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ይገላገላል። እዚያ ላይ የሚጎዳው ሹፌሩ ነው። ጋሼ ዋሻውን በሥራ ዘመናቸው ራሳቸው ስለለኩት ጉድለቱን በቃላቸው ያውቁታል። ስንወርድ ሳንቲም ለቅመው «ይሄ የዋሻው ነው» ብለው ይሰጣሉ። ግማሹ ሹፌር እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። አልቀበልም ያለም ነበር፤ ጋሼ ወንበሩ ላይ ጥለውለት ሄዱ።

ሹፌሮች ግን የሚያወሩት የፎቆቹን እንጂ የዋሻውን ነገር አይደለም። ወሬው ተዛመተ። የጋሼን ስም ሲያዩ ጥሪውን መሰረዝ ጀመሩ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ደረጃው ሥር ቆመን ጋሼ አምስት ታክሲ ጠሩ፤ አምስቱም ሰረዙ። እጥበቱ ሰዓት አለው፤ የዘገየ ሰው ማሽኑ ለሌላ ይሰጥበታል። የእትዬ እግር አብጦ ጫማ አላስገባ ስላለ በነጠላ ጫማ ነው የወጡት። በእኔ ስም ጠራሁና ክቡርነታቸውን ከምሰሶው ጀርባ ደበቅኳቸው። ብቅ ያሉት እትዬን ካስገባሁ በኋላ ነው። ሹፌሩ አወቃቸው፤ ፊቱን አጠቆረ። እትዬ እጃቸውን ወደ ባላቸው ዘረጉ።

«ስልኩን ወዲህ በል።»

ሰጡ። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

ዘግይተን ደረስን። ማሽኑ ተይዟል፣ እስከ ከሰዓት ጠብቁ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ለጥቂት ሜትር ብለው ሰው ሊገድሉ ነው አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው። ጋሼ አልተቆጡም።

«የእሷን የምርመራ ቁጥር የሚነግሩኝ ሐኪሞቹ ናቸው» አሉ። «በየሳምንቱ ይብሳል። እሺ ብዬ ሰምቼ እወጣለሁ። በዚያ ልከራከር አልችልም። በመንገዱ ግን እችላለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ታክሲው የሚጠራው በእኔ ስም ሆነ፤ ጋሼም ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ድምፅ ሳያሰሙ መቁጠር ለመዱ። የዋሻውን ሳንቲም ግን አላቋረጡም።

እትዬ ያረፉት በአንድ ዓርብ፣ ማሽኑ ላይ እንዳሉ ነው። ጋሼ ቢሮ ደወሉልኝና «መንገዱን ተሻገር» ብለው ዘጉት። ስደርስ ትራሱን አቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አስከሬኑን ነገ ጠዋት ትወስዳላችሁ፣ አሁን ቤት ግቡ አሉን የሆስፒታሉ ሰዎች። ታክሲ ጠራሁ። የመጣው ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቅ ሹፌር ነው። ጋሼ ጋቢና አልገቡም። ከኋላ፣ እትዬ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ገቡ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ፎቆቹ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቶ ቆምን። የሹፌሩ ስልክ መሄዱን ቀጠለ። አየሁት፤ እሳቸውም አይተውታል። ከንፈራቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። ዋሻው ልንደርስ ስንል ሹፌሩ ምን እንደታየው እንጃ፣ በገበያው በኩል ወደሚዞረው መንገድ ታጠፈ። ጋሼ ትራሱን እንዳቀፉ የፊተኛውን ወንበር ያያሉ።

ያን ዝምታ አልቻልኩትም። ስንቱን ጠዋት «ምናለ ዛሬ እንኳ ዝም ቢሉ» እያልኩ የተሳቀቅኩ ሰው፣ አሁን አንድ ነገር ቢናገሩ ብዬ ተመኘሁ። እሳቸውም አብረው የሄዱ መሰለኝ፤ ፈራሁ።

«በዋሻው ብትወርድ ይቀርብ ነበር» አልኩት ሹፌሩን።

«ያው ነው ወንድሜ።»

«ያው አይደለም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስልህ አለኝ። «ስምንት መቶ ሜትር አስረዘምክብን።»

ጋሼ ቀስ ብለው ቀና አሉ። መነጽራቸውን በትራሱ ጫፍ ጠረጉና አደረጉት።

«ስምንት መቶ ስልሳ» አሉ።