የመለከት በዓልና የመስቀል ቅቤ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ «አባ፣ በሆዴ በድያለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። እሳቸውም ሆድ ያለው ሁሉ በሆዱ ይበድላል ብለው መሰለኝ ዝርዝሩን አልጠየቁኝም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታዩኝ ነው። ፊት ለፊት ብንገናኝማ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ስለ ሙቀቱ አወራችሁ ነበር።

በእኛ ሰፈር፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ላይ፣ «ቅቤው የበዛበት መስቀል» የሚባል ዓመት አለ። የልጅ ዕድሜ ሲጠየቅ «ቅቤው በበዛበት መስቀል የተወለደ ነው» ይባላል። አምስት ሴቶች ያጠራቀምነው ቅቤ ባልዲውን ሞልቶ፣ ክዳኑን ሽቅብ ገፍቶ የተገኘበት ዓመት ነው። ተአምር ነው ተባለ። እልል ተባለ። እኔም ከሁሉም አስበልጬ እልል አልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

ነገሩ የጀመረው ከስልክ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ሰባኪ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የአይሁድን በዓላት ይዘረዝራል። ሰባት ናቸው ይላል። አራቱ፣ ፋሲካውም በዓለ ሃምሳውም ጭምር፣ በጌታ የመጀመሪያ መምጣት ተፈጽመዋል። ሦስት ቀርተዋል፤ የመለከት፣ የማስተሰረያና የዳስ። እንግዲህ ተረኛው መለከት ነው። መለከት ሲነፋ ደግሞ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የተመረጡት ወደ ላይ፣ የተረፍነው እዚሁ፣ ለሰባት የመከራ ዓመታት። «ቀኑን ማንም አያውቅም ተብሏል እኮ» ብዬ በልቤ ሳስብ፣ ሰውየው ስልኩ ውስጥ ሆኖ የሰማኝ ይመስል መለሰልኝ። የመለከት በዓል የሚጀምረው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ስለሆነ፣ ቀኑ አይታወቅም የተባለው ስለዚሁ በዓል ነው አለ። ዓመታቱንም ሰሌዳው ላይ ደምሮ «ዘንድሮ ነው» አለ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ትረቱታላችሁ?

ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ያልፋል። እኔ ግን የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ጉድ ያደረገኝም ይኸው ነው። ወረቀት አውጥቼ ስሌቱን አረጋገጥኩ። ድምሩ ልክ ነበር። የሚደምረው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

በዓሉ ያን ዓመት መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይውል ነበር። ለጋሞ ሰው መስቀል ምን እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ሩቅ ያለው ይመጣል፣ የተጣላው ይታረቃል፣ ያልበላው ይበላል። ወንዶቹ በሬውን ያስባሉ፣ እኛ ሴቶቹ ቅቤውን። ከእነ ዶርዜ ደጋ የሚወርድ ቅቤ ገበያ ላይ በተገኘ ቁጥር እየገዛን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ባልዲ እናጠራቅማለን። ባልዲው የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው፤ አልጋዬ ሥር። ለምን ቢሉ፣ ቲቸር ዓይን አፋር ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ሰው ፊት እንኳ ጠግባ አትበላም ተብሎ ነው። ከእኔ ሌላ የክፍሌ ቁልፍ ያላቸው አከራዬ እትዬ አማረች ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ከዓመቱ ግማሹን ይጾማሉ፤ የቀረውን ግማሽ ያልጾመውን ሰው ይቆጣሉ።

ቅቤውን ግን አንድ ጊዜ ነክቼዋለሁ። ያውም በፍልሰታ ጾም። ክዳኑን ከፍቼ በሌባ ጣቴ ጫፍ ጠቅ አድርጌ ላስኩ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት የእትዬ አማረችን ዓይን ማየት አቃተኝ።

የበዓሉ ዋዜማ ቤቴን ጠርጌ ወለወልኩ። ወደ ላይ ብነጠቅ እንኳ «ቤቷ ለካ እንዲህ ነበር» እንዳልባል። ለሚቀሩት ደብዳቤ ጽፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ቅቤው አልጋ ሥር ነው። ዶሮዬን ለእናቴ ስጡልኝ። የዘጠነኛ ‹መ› ተማሪዎች ለዜሮ ማካፈል እንደማይቻል ገና አልገባቸውም፤ የሚተካኝ መምህር ከመጀመሪያው ይድገምላቸው።» ከዚያ ንጹሕ ልብስ ለብሼ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ ተነፋ።

የዕድር ጥሩንባ እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም። እሱንማ በየጊዜው እንሰማዋለን። ነገር ግን የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ከነፉ በኋላ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ያን ቀን ስም አልተጠራም። ተነፋ፣ ደግሞ ተነፋ፣ አሁንም ተነፋ። ስም የለም። ለዓለም በሙሉ ካልሆነ ስም እንዴት ይታጣል?

አልጋዬ ላይ ቆሜ እጆቼን ዘረጋሁ። ምንም የለም። ለማገዝ ያህል ትንሽ ዘለል አልኩ። አልጋው ብቻ ሲጥ አለ። ወደ ግቢው ወጣሁ። የቧንቧው ውኃ ይፈሳል፣ ጀሪካኑ ሞልቶ ይገነፍላል። ከጎኑ የእትዬ አማረች ነጠላ ወድቋል። ከነጠላው አጠገብ አንድ ጫማ።

«እትዬ አማረች!» አልኩ። ዝም። «እትዬ!» ዝም። የጎረቤቶቹ በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው የሚባል የለም።

ዕለቱን ያለቀስኩትን ለቅሶ ለአባቴ እንኳ የማለቅስ አይመስለኝም። እትዬ አማረች ሄደዋል! ከሽንኩርት ሻጭ ጋር በየሳምንቱ የሚጣሉት፣ የእኔን ዶሮ በድንጋይ የሚያሳድዱት እትዬ አማረች ላይ ናቸው፣ እኔ እዚህ! ለምን? ምን አደረግሁ? አንድ ጣት ቅቤ!

ተመልሼ ባልዲውን ጎትቼ ከፈትኩት። በአንድ በኩል ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ነበረበት። «ጣቴ ይህን ያህላል እንዴ?» አልኩ። ግን ኃጢአት ከጊዜ ጋር ይሰፋ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከዚህ በኋላ ያሰብኩትን አትታዘቡኝ። በአንድ ጣት ቅቤ የቀረ ሰው ባልዲውን ቢጨርስ ከዚህ በላይ የት ይቀራል? ደግሞ ሰባት የመከራ ዓመታት ከፊቴ ተደቅነዋል፤ በባዶ ሆድ እንዴት ይጀመራሉ? ምድጃ ለኩሼ የቡላ ገንፎ አገነፋሁ። መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ ቅቤ ሞላሁበት። በላሁ። ደግሜ ሞላሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማን አየኝ ሳልል ጠግቤ በላሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመካከሉ ለቅሶውን ረስቼዋለሁ። የተረፈኝን ጭብጥ ሙሉ አናቴ ላይ አደረግሁ። ፀጉሬ ከርሞ እንደ ሣር ደርቆ ነበር፤ ቢያንስ መከራውን ለስልሶ ይቀበል።

ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ የሰው ጫጫታ ሰማሁ። ባልዲውን በእግሬ አልጋ ሥር ከተትኩ፣ ደብዳቤውን ደረቴ ውስጥ። እትዬ አማረች በአንድ እግር ጫማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ገቡ።

«ቲቸር! አለሽ እንዴ? ጥሩንባው አልተሰማሽም?»

«ተሰምቶኛል» አልኩ፤ እንዴት አልሰማም።

«በሬያችን ገመዱን በጥሶ! ቁልቁል ወደ ጫካው! ጋሽ ደምሴ ጥሩንባውን ይነፋሉ፣ እኛ እንሮጣለን። ትንሽ ብንዘገይ መስቀልን የሚያከብረው ጅብ ነበር! አንቺ ምን ሆነሽ ቀረሽ?»

«ራሴን አሞኝ።»

ጠጋ ብለው አሸተቱኝ። «ቅቤ አደረግሽበት? ደግ አደረግሽ። ከየት አገኘሽ?»

«እናቴ ልካልኝ...»

ከኋላቸው የቆመችው ጎረቤታችን ብርቄ፣ ሳታስበው ገደለችኝ። «በሬው ከዳነ ደግሞ ምን ቀረን? በሉ ነገ ከሰዓት ቅቤውን እንካፈል!» አለች።

«ነገ?» አልኩ እኔ።

«ነገ?» አሉ እትዬ አማረች፣ እኩል ከእኔ ጋር። በወቅቱ ልብ አላልኩትም፤ የራሴ ጭንቀት ይበቃኝ ነበር። ነገ ከሰዓት ባልዲው ይከፈታል። አምስት ቤተሰብ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቅቤ መሐል፣ ድስት የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ይታያል። ከዚያ በኋላ በዚህ ሰፈር «ቲቸር» የሚለኝ የለም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባቴ ጨንቻ ውስጥ ቄስ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል። «አባባ፣ የአይሁድ የመለከት በዓል መቼ ነው?» አልኩት፤ ለተማሪዎቼ የፈለግሁት አስመስዬ።

«በእነሱ ነው በእኛ?» አለ።

«በእኛም አለ?»

«መጥቅዕ ነዋ! በየዓመቱ እንቆጥረዋለን።» ጥቂት አጉረምርሞ አሰላ። «ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ይውላል። ምነው፣ ጾም ናፈቀሽ?»

«ጾም ምን አገናኘው?»

«ነነዌ መቼ እንደምትገባ የምናውቀው በእሱ አይደል? መለከት ተብሎ ተቆጥሮ ተቆጥሮ እስካሁን ያመጣው ጾም ነው ልጄ።»

እንግዲህ አስቡት። አባቴ በየዓመቱ ይህን በዓል በጣቱ እየቆጠረ አሳደገን። እኔ ሦስት መቶ ብር ካርድ ሞልቼ ከማላውቀው ሰው ተማርኩት። ያውም በእኛ ቁጥር ገና ጥቅምት ነው። መስቀልን በሰላም አክብሬ፣ ቅቤውን ተካፍዬ፣ ከዚያ መቅረት እችል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ ማንም ሳይነሣ ገበያ ወረድኩ። ገና ቅቤ ሻጮቹ ጋ ሳልደርስ፣ ከፊቴ አንዲት ነጠላ እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ጎንበስ ብላ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ስታሸት አየሁ። ቅቤውን ዘንቢሏ ውስጥ ከታ ዞር ስትል ፊት ለፊት ተጋጠምን።

እትዬ አማረች ነበሩ።

እኔ ሻሼን አየሁ ማለት ባልችልም ለማየት ሞከርኩ። እሳቸው ሰማዩን አዩ።

«ሽንኩርት ልገዛ ነው» አልኩ፣ ሳልጠየቅ።

«እኔም ለሽንኩርት ነው» አሉ፣ ዘንቢላቸውን ወደ ኋላቸው እየደበቁ።

ያ ጡጫ የሚያስገባ ጉድጓድ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትርፉ ቁልፍም ትዝ አለኝ። ጣቴ ትልቅ አልነበረም። ግን ምን እላለሁ? እሳቸውም የእኔን አናት አሽትተዋል። እጅ ተነሣሥተን ተላለፍን፤ እኔም ቅቤዬን መርጬ ገዛሁ። ጉድጓዱ በእኔ ተሞላ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ደግሞ በትርፉ ቁልፍ ከላዩ ተሞላ፤ ክዳኑም ተነሣ። የቀረውን ታውቃላችሁ።

ከገበያው ከመውጣቴ በፊት ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ተመለስኩ። አፌ አንድ ጊዜ ሽንኩርት ብሏል። ግማሽ ኪሎ አስመዘንኩ። ቀና ስል እትዬ አማረችም ከአጠገቤ ቆመው ሽንኩርት ያስመዝናሉ፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሻጩ ጋር ሳይጣሉ።

ምን ይታወቃል፤ ጥሩንባው ደግሞ ሊነፋ ይችላል።