ጋሽ ጉሮሮ እና የመስመር ዳኛው ጆሮ

ቡድኑ በሜዳው ያሸነፈው በእኔ ጩኸት ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አሰልጣኝ ይባረራል፣ ተጫዋች ይሸጣል፣ እሱ ግን ከነድምፁ አለ። የእኛ ሰፈሩ ክቡር ጋሽ ጉሮሮ ናቸው፤ ሙያቸው ፀጉር አስተካካይ። ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ሲሉ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል።

የሒሳብ መምህር ነኝና በምክንያት ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። «ጋሼ፣ እንግዶቹ እኮ ስምንት ሰዓት አውቶብስ ላይ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። የእኛዎቹ የገዛ አልጋቸው ላይ አድረው የለመዱት ሣር ላይ ይጫወታሉ።»

«መምህር፣» አሉኝ ምላጩን ማጅራቴ ላይ አሳርፈው፣ «ሣር ባንዲራ ያነሳል?»

ምላጭ ማጅራቱ ላይ ያረፈበት ሰው አይከራከርም።

እሳቸው የሚሉት አጭር ነው። «ዳኛም ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ጆሮ አለው።» እናም ሃያ ዓመት ሙሉ ከመስመር ዳኛው ጀርባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። አይሳደቡም፤ ይማጸናሉ። «ልጄ፣ አየኸው አይደል? በእናትህ!» አንዱ ዳኛ ዞሮ «አባባ፣ እባክዎ ሥራዬን ልሥራ» ብሎ ለምኗቸዋል። ይህን እንደ ሜዳሊያ ነው የሚያወሩት።

ዘንድሮ ቡድናችን ከሊጉ ላለመውረድ የመጨረሻውን ጨዋታ የግድ ማሸነፍ ነበረበት። ጨዋታው አሥር ቀን ሲቀረው ጋሽ ጉሮሮ ጉሮሯቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሟ «አንድ ወር ትንፍሽ እንዳይሉ» አለች። ባለቤታቸው አስጠሩኝ። «መሄዱንስ ይሄዳል፤ አፉን አንተ ጠብቅልኝ።»

በጨዋታው ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለባዶ እየመራን እንግዶቹ አገቡ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን እንደያዘ አመነታ። የጋሽ ጉሮሮ አፍ ሲከፈት በመዳፌ ከደንኩት። ከመዳፌ በላይ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ያየኛል። ድንገት ከውስጤ የማላውቀው ድምፅ ወጣ፦ «ከጨዋታ ውጪ! ከጨዋታ ውጪ ነው እኮ!» መላው ረድፍ ተቀበለኝ። ባንዲራው ተነሳ። ጎሉ ተሻረ፤ በሊጉ ቆየን።

በኋላ በቴሌቪዥን ደጋግሜ አየሁት። ጎሉ ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ፤ የእንግዶቹን ጎል ያስሻርነው እኛ ነን» አልኳቸው። እንደሚፈነድቁ ጠብቄ ነበር። ቁራጭ ወረቀት አንስተው ጻፉልኝ፦ «በእኔ ድምፅ ቢሆን ኖሮ ዳኛው አያመነታም ነበር።»

ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጠውኝ ፀጉሬን መቁረጥ ጀመሩ። የመቀሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስለ አውቶብሱም ስለ አልጋውም ተናገርኩ፤ ማንም አልመለሰልኝም። ሐኪሟ ካለችው ወር ስንት ቀን እንደቀረ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ።