የቤት ተማሪ ለቅሶ አይቀርም

እቤቱ ተቀምጦ የሚማር ሰው እዚህ ሶዶ ተማሪ አይባልም። ሥራ ፈት ነው የሚባለው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ኖሬበት ነው።

አስተማሪ ነኝ። ለርዕሰ መምህርነት ለመወዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል ተባለና ውጭ አገር ባለ ኮሌጅ በኢንተርኔት ተመዘገብኩ። ማስታወቂያው ልብ ያማልላል። ሥራሽን ሳትለቂ፣ ልጆችሽን ሳትተዪ፣ በፈለግሽው ሰዓት ተማሪ ይላል። መብራት ሲኖር ኔትወርክ እንደማይኖር፣ ሁለቱ ሲገጥሙ ደግሞ እንግዳ እንደሚመጣ ግን አልነገረኝም።

የጎረቤቴን የአስቴርን ነገር ልንገራችሁ። አስቴር የማታ ተማሪ ናት። አመሻሽ ላይ ደብተሯን አቅፋ ስትወጣ ሰፈሩ በአክብሮት ነው የሚሸኛት። ከእድር ብትቀር "ትምህርት ላይ ናት" ይባላል፣ አለቀ። እኔስ? ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ሳነብ ያየኝ ሁሉ ስልክ በላት ይላል። አንዴ ብልጥ ልሁን ብዬ ደብተር ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ውጭ አገር ካለ ወንድ ጋር ትጻጻፋለች ተብሎ ተወራ። እውነት ነው እኮ፤ አስተማሪዬ ወንድ ነው። ምን ብዬ ላስተባብል?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የመጨረሻው ፈተና ደረሰ። ይህን ካለፍኩ ዲግሪው የኔ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ክፍት ነው፣ ከሦስቱ ቀን በመረጥሽው ገብተሽ በኮምፒውተር ሥሪ ተባልኩ። እሑድ ጎረቤታችን ጋሽ ዳና ሞቱ።

የኛን አገር ለቅሶ ታውቁታላችሁ? ድንኳን ይተከላል፤ ሰው ከዲምቱ፣ ከአረካ ይጎርፋል። ለዚያ ሁሉ ሰው ጎደሬ የምትልጠው፣ ውሃ የምትቀዳው የእድሩ ሴት ናት። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ማርቆስ ተረኛ ሲመድቡ ፈተና አለብኝ አልኳቸው። አስቴርም ፈተና ነበረባት። እሷን ወዲያው አሰናበቷት። እኔን ግን እንደ አባት በፍቅር አዩኝ።

"ቲቸር፣ የሷ አስተማሪ በር ይዘጋል። ያንቺ ትምህርት ግን የትም አይሄድም" አሉኝ።

ሰኞ ጎደሬ ላጥኩ። ማክሰኞም ላጥኩ። ጥሬ ጎደሬ እጅ ያሳክካል፤ እጄን እያከክሁ በሆዴ ጥያቄ እመልሳለሁ። አለቀስኩም። ለጋሽ ዳና ይሁን ለራሴ እንጃ።

ረቡዕ ጠዋት ተራዬን ለሌላ ሰጥቼ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። ኮምፒውተሮቹ ጠፍተዋል፤ ባለቤቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማ ያስጠርጋል። የብሔራዊ ፈተና ሰሞን ነው፣ መልስ በስልክ እንዳይሰራጭ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቷል አለኝ። እኔም እኮ ፈተና አለብኝ አልኩት።

"ታዲያ አንቺም ልትኮርጂ ነው?" አለኝ እየሳቀ።

አረካ ያለች ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ እዚያም ያው ነው። ተማሪ በሰላም እንዲፈተን ተብሎ እኔ ሳልፈተን ልቀር ነው። የዘጋው ሰው ስለ ተማሪ አላሰበም አይባልም፣ አስቧል። ግን ለሱም እንደ እድራችን ተማሪ ማለት ደብተር ይዞ ከቤቱ የሚወጣው ነው። እኔን ከየት አውቆኝ?

ኢንተርኔቱ ሲከፈት ለአስተማሪዬ ጻፍኩለት። ለቅሶውንም መዘጋቱንም አስረዳሁ። መልሱ በትህትና የተሞላ ነበር። በጎረቤቴ ሞት ከልቡ አዝኗል። የአንድ አገር ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ተዘጋ የሚለውን ግን ያመነኝ አይመስለኝም። ሦስት ቀን የሰጠንሽ እኮ ለዚህ ነበር፣ አሁን ዓመቱን ትደግሚያለሽ ይላል። በዚያው ክረምት ርዕሰ መምህርነቱን ሌላ ሰው ወሰደው።

ከመልእክቱ ሥር አንድ መጠይቅ ተያይዟል። ትምህርታችን ለኑሮሽ ምን ያህል አመቺ ሆኖ አገኘሽው? ይላል። ይህ እንኳ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ሲመችሽ ሙዪው ተብሏል።

እስካሁን አልተመቸኝም።