ጎረቤት እንዳይረበሽ

የእኔ ነገር የተበላሸው ማክሰኞ ቀን ነው። የቤቴን ቁልፍ ለጋሽ ደምሴ የሰጠሁ ቀን። ጋሽ ደምሴ ከግንቡ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው። ከተማው ሊታመስ ነው ተብሎ ቆቦ በሙሉ ሻንጣውን ሲያስር፣ እሱ «እኔ የትም አልሄድም። ቤትህን እያየሁልህ እቆያለሁ፣ መምህር» አለኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? አመንኩት።

ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይዞ ይወጣል? እኔ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ፊዚክስ ተምሬ በእጄ የሠራሁትን ሆም ቴአትር ትቼ፣ ተምረሃል የሚለውን ወረቀት ይዤ ሄድኩ።

በእጄ የሠራሁት ወድጄ አይደለም። በመምህር ደመወዝ ማን ይገዛል? ሁለቱን ስፒከሮች ሮቢት ጋራዥ ውስጥ ከሞተ ሚኒባስ በር ላይ ፈታኋቸው። አምፕሊፋየሩ ከተሰባበረ ቴፕ ወጣ። ሳጥኖቹን የሠራሁት ትምህርት ቤቱ ከጣለው ዴስክ ነው። አንዱ ሳንቃ ላይ አንድ ተማሪ በኮምፓስ ጫፍ «ፊዚክስ ይቅርብን» ብሎ ቀርጾበታል። ልፍቀው አልኩና ተውኩት። ምን ዋሸ? ድምፁ ሳጥኑ ውስጥ እንዳያስተጋባ ደግሞ ጎብዬ ገበያ ሄጄ የበግ ጸጉር አመጣሁና ጠቀጠቅኩበት።

የባሱን ስፒከር ግን ሳጥን አልችለው አለ። ወፍራም ድምፅ ሰፊ ሆድ ይፈልጋል። ዓይኔ የእማዬ የጠላ ጋን ላይ አረፈ።

እማዬ ያኔ በሕይወት ነበረች። «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው ጋኔን ልትቀማኝ ነው?» አለች። ሰጠችኝ ግን። ባሱን አፉ ላይ ገጠምኩት። ታዲያ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ጋኑ እየተንቀጠቀጠ ቦታውን ይለቃል። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሳሰላ፣ እሷ ከጓሮ ሦስት ጠጠር ለቅማ ከሥሩ ወሸቀች። ቀጥ አለ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል። ይህን አላስተማሩህም?» አለችኝ። አላስተማሩኝም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ማይክሮፎን ሰክቼ፣ ሙዚቃውን ለቅቄ፣ ለሙከራ ፍላሽ ላይ ቀዳሁ። እማዬ ገባችበት። «ኧረ ቀንሰው አንተ ልጅ። ደምሴን ወባ አስተኝቶታል። ጎረቤት አይረበሽም። ቀንስ አልኩህ እኮ።» ይኸው ነው። በዓመቱ ሞተች።

ለሌላው ሰው የእናቱ ምርቃት ይቀርለታል። ለእኔ የቀረኝ ቁጣዋ ነው። ከሥራ ስመለስ ሙዚቃ እከፍትና እሷን አስከትላታለሁ። ትቆጣኛለች። እቀንሳለሁ። ሌላ ቦታ ገልብጠህ አታስቀምጥም ነበር ትሉኝ ይሆናል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንዲያ እላቸዋለሁ። ፍላሹ አምፕሊፋየሩ ላይ እንደተሰካ ነው ትቼው የወጣሁት።

ስንመለስ ቤቱ ወና ነው። ጋኑ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ሦስቱ ጠጠሮችም ከሥሩ አሉ። ሌላው የለም። ጋሽ ደምሴ እንባ አውጥቶ «ምን አቅም ነበረኝ፣ መምህር? ጠራርገው ወሰዱት» አለኝ። እንኳን አንተ ተረፍክ ብዬ አቀፍኩት። ከልቤ ነው።

በሳምንቱ ኳስ እንይ ብሎ ቤቱ ጠራኝ። ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ሳጥኖች ተቀምጠዋል። ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። ቀለም ግን የተቀረጸን ነገር አይደፍንም፤ «ፊዚክስ ይቅርብን» ይላል አንዱ፣ ፊት ለፊቴ።

«ድምፁ እንዴት ነው፣ መምህር? ይህን አንተ ነህ የምታውቅ» አለኝ።

«ጥሩ ነው። ባስ ይጎድለዋል» አልኩት።

«ባስ እንኳ አለው። እምቢ ብሎኝ ነው።»

ያለ ጋን ምን ይሁን? እስከ ፍጻሜው ተቀምጬ አየሁ። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም።

በማግስቱ ልከሰው ሽማግሌዎቹ ወደሚቀመጡበት ሾላ ሥር ሄድኩ። ከእኔ ፊት ተራ የያዘች አንዲት ሴት ተነሣች። ልጇ ከጠፋ ቆይቷል። «ሞቶም እንደሆን የተቀበረበትን የሚያውቅ ይንገረኝ። አፈሩን ብቻ ልየው» አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ በደልህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? ስፒከር ልበል? «ሰላም ልላችሁ ነው የመጣሁት» አልኩ። መርቀው ሸኙኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በደሌ ለመናገር አንሶ፣ ለመርሳት በዝቶ ቀረ። ጋሽ ደምሴ ኳስ ባለ ቁጥር እስከ ጥግ ይከፍተዋል፤ ግንቡ ይርገበገባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ተረት እውነት ነው ለካ። የሩቁ ሰው ቢወስደው ድምፁንም አልሰማው ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ደምሴ፣ ለሽማግሌ ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። ሳጥኖቹ ይቅሩልህ። ባሱም ይቅር፤ ጋኑን ከነጠጠሮቹ እጨምርልሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ያን ፍላሽ መጀመሪያ የከፈትክ ቀን፣ አንዲት አሮጊት ስለ አንተ እንቅልፍ ስትለማመጥ ሰምተሃል። ሰምተህ ምን አደረግካት?